መላ ምቱን በላጲስ የሚያጠፋው ተማሪ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሳይንሳዊ ዘዴን ስድስት ደረጃዎች (ጥያቄ፣ መረጃ ማሰባሰብ፣ መላ ምት፣ ሙከራ፣ ትንተና፣ ድምዳሜ) እንደ ውሃ ጠጥተዋቸዋል። ፈተና ላይ ድፍን ማርክ ያገኙባቸዋል። ሙከራ ስንሠራ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ውጤቱ ከመላ ምታቸው ጋር ካልገጠመ መላ ምቱን በላጲስ አጥፍተው ከውጤቱ ጋር የሚሄድ ሌላ ይጽፋሉ። ሰንጠረዡንም ከጎበዞቹ ቡድን ይገለብጣሉ። ክፍሌ ውስጥ 50 ልጆች አሉ፣ ቤተ ሙከራ የለንም። ደረጃዎቹን እንደገና ላስተምራቸው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

መምህር፣ ደረጃዎቹን እንደገና አያስተምሩ። ልጆቹ ያውቋቸዋል። እኔ ብሆን ለአንድ ወር ያህል ከሰሌዳው ላይ አወርዳቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ተመልሰን እንሰቅላቸዋለን።

መጀመሪያ ስለ ላጲሱ እናውራ። ከጥያቄዎ ውስጥ ልቤ ላይ የቀረው እሱ ነው።

መላ ምቱን የሚያጠፋው ልጅ ሰነፍ አይደለም። አጭበርባሪ ብሎ መፈረጁም ይከብደኛል። ማርክ ለምን እንደሚሰጥ በደንብ የገባው ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ የ«ራይት» ምልክት ያገኘው መልሱ ሲገጥም ብቻ ነው። ሂሳብ ላይ የተሳሳተውን ያጠፋል፣ ቋንቋ ላይ የተሳሳተውን ያጠፋል፣ ይመሰገናል። እዚህ ሲደርስ ሕጉ እንደተቀየረ የነገረው የለም። በአፍ ነግረነው ይሆናል። በማርክ ግን አልነገርነውም፣ ልጅ ደግሞ የሚያምነው ማርኩን ነው።

እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን ሙቅ ውሃ በየደቂቃው ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አስለካኋቸው። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ዙር ይደጋግማል። አንደኛው ቡድን ያመጣው ሰንጠረዥ ዓይን ይማርካል። ሦስቱም ዙር አንድ ዓይነት፣ ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ሳይቀር። አነሳሁና ለክፍሉ አሳየሁ። «ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ የራሷን ገጽ ቀስ ብላ ቀደደች። ቁጥሮቿ የተበታተኑ ነበሩ። በኋላ እንደሰማሁት ንጹሑ ቡድን የለካው አንድ ዙር ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለት ዓምዶች ገልብጦ ሞላቸው። በትክክል የለካችው ያቺ ገጿን የቀደደችው ልጅ ነበረች። ሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ቁጥር ያገኘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ነገሩ ከልጆቹ ይልቅ እኛ ከምንሸልመው ይጀምራል። ወደ ማርኩ በኋላ እመለሳለሁ።

ለመሆኑ ይህ ባለ ስድስት ደረጃ መሰላል ከየት መጣ? ብዙ ሰው ከጋሊልዮ ወይም ከኒውተን የወረስነው ይመስለዋል። አንዱ ትልቅ ምንጩ ግን አሜሪካዊው ፈላስፋና የትምህርት ሰው ጆን ዲዊ ነው። በ1910 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሰው ችግር ሲገጥመው እንዴት እንደሚያስብ ሲተነትን አምስት እርከኖች ዘረዘረ። ችግር መኖሩ ይሰማዋል፣ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ይለያል፣ መፍትሔ ይጠረጥራል፣ ጥርጣሬው ወዴት እንደሚወስደው በሐሳብ ይከተላል፣ ከዚያ በምልከታና በሙከራ ይቀበለዋል ወይም ይጥለዋል። ዲዊ ያወራው ስለ ሳይንቲስት ብቻ አልነበረም፣ ስለሚያስብ ሰው ሁሉ ነው። መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ወሰዱት፣ አሳጠሩት፣ ቁጥር ሰጡት፣ ሣጥንና ቀስት ጨመሩበት። ዛሬ ልጆቹ የሚሸመድዱት የዚያን የልጅ ልጅ ነው። መጥፎ ነገር አይደለም፤ የተሠራን ሥራ ለመጻፍ ጥሩ ቅርጽ ነው። ሥራውን ለመሥራት ግን ብዙም አይረዳም።

እሺ፣ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በጨዋታ ይክፈቱት። ሰሌዳና ጠመኔ ካለ ይበቃል። ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960 ያሳተመው ፈተና ነው። የፈተነው ትልልቅ ሰዎችን ነበር፣ ብዙዎቹም ወድቀውበታል። ስለዚህ ልጆቹ ሲወድቁ አይሸማቀቁም።

ሰሌዳው ላይ 2፣ 4፣ 6 ብለው ይጻፉ። «እነዚህ ሦስት ቁጥሮች እኔ በልቤ የያዝኩትን ሕግ ያሟላሉ። እናንተም ሦስት ሦስት ቁጥር ስጡኝ፤ ያሟላል ወይም አያሟላም እላችኋለሁ። ሕጉን እርግጠኛ ሆኖ ያወቀ እጁን ያውጣ» ይበሏቸው። ከዚያ የሚሆነው እንዲህ ነው፦

— 8፣ 10፣ 12።
— ያሟላል።
— 20፣ 22፣ 24።
— ያሟላል።
— 100፣ 102፣ 104።
— ያሟላል።
— ቲቸር፣ አወቅኩት! በሁለት በሁለት የሚጨምር ነው!
— አይደለም።

ክፍሉ ጭጭ ይላል። «እንዴት አይሆንም? ሦስቱም እኮ ገጥመዋል!» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይታገሷቸው። ብዙ ጊዜ አንዷ ሳትጠራጠር «1፣ 2፣ 3» ትላለች። ያሟላል። ሌላው ተናዶ «5፣ 17፣ 90» ይላል። ያሟላል። ከዚያ አንዱ ለቀልድ «6፣ 4፣ 2» ይላል። አያሟላም። ሕጉ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊተኛው ይበልጣል፣ ሌላ ምንም የለውም።

አሁን ይጠይቋቸው፦ ከጠየቃችኋቸው ቁጥሮች የትኛው ብዙ አስተማራችሁ? «8፣ 10፣ 12» ምንም አላስተማራቸውም። ቀድመው ያመኑትን መልሰው ሰሙ እንጂ። ያስተማሯቸው ከግምታቸው ውጪ የሆኑት «1፣ 2፣ 3» እና «6፣ 4፣ 2» ናቸው። እኔ ይህን ጨዋታ ያጫወትኩበት ክፍል ውስጥ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ «ይሄ ስምንት አሥር አሥራ ሁለት ነው» እየተባባሉ ይቀልዱ ነበር። ጓደኛቸው ሐሳቡን የሚደግፍለትን ነገር ብቻ ሲፈልግ ሲያዩት ማለት ነው። ከዚያ የተሻለ ትርጓሜ ልሰጣቸው አልችልም።

ሁለተኛው ሥራ ፔንዱለም ነው። እዚህ ላይ ሦስት ክፍለ ጊዜ ያጥፉ። ክር፣ ጥቂት ዳዶዎች፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይበቃል። ክሩ ከዴስክ ጠርዝ ላይ (ዴስኩ ለማይበቃው ረጅም ክር ደግሞ ከበር ወይም ከመስኮት ጉበን ላይ) ይለጠፋል፣ ዳዶው ከታች ይንጠለጠላል፣ ሳብ አድርጎ መልቀቅ ነው። ሄዶ ሲመለስ አንድ ምልልስ ብለን እንቆጥራለን።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ምልልሱን የሚያፈጥነው ምንድን ነው? ክብደቱ ነው? የክሩ ርዝመት ነው? ወይስ ስንለቀው ምን ያህል ርቀን መሳባችን? እያንዳንዱ ልጅ ምርጫውን ከነምክንያቱ ይጽፋል። በእስክሪብቶ። እርሳስ ክልክል ነው። ከዚያ እጅ ያስወጡና ድምፁን ሰሌዳው ላይ ይመዝግቡ። ብዙኃኑ ክብደትን ይመርጣል። «ከባድ ነገር ቶሎ ይወርዳላ!» ይላሉ። ጥሩ ምክንያት ነው። ስህተት ነው፣ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። አይረሟቸው። ፊትዎም እንዳያሳብቅ።

ከዚያ ዝም ብለው ይልቀቋቸው። ስለ ተለዋዋጭ፣ ማለትም በሙከራው ስለሚለወጡት ነገሮች፣ ምንም አይናገሩ። አምስት ደቂቃ አይሞላም፣ አንዱ ቡድን ክሩንም አሳጥሮ ሁለት ዳዶም ጨምሮ «ፈጠነ! ክብደቱ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ሄደው ይጠይቋቸው።

— ምን ለወጣችሁ?
— ዳዶ ጨመርን።
— ክሩስ?
— እ... እሱም ትንሽ አጥሯል።
— ታዲያ ያፈጠነው የቱ ነው?

ይህችን ዝምታ አያባክኗት። «አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን እንዳለ ተው» የሚለው ነገር አሁን የእነሱ ፍላጎት ሆኗል። ቀድመው ቢነግሯቸው ኖሮ ደብተር ላይ ይጻፍና እዚያው ይቀር ነበር። ስያሜውንም አይቸኩሉበት። «ነጻ ተለዋዋጭ» እና «ጥገኛ ተለዋዋጭ» ልጆች የሚያምታቷቸው ቃላት ናቸው፤ ማን ከማን ነጻ እንደወጣ አይገባቸውም። ለአንድ ወር «የምለውጠው፣ የምለካው፣ የማልነካው» እያሉ ይሥሩ። ኦፊሴላዊው ስም በኋላ ሲመጣ የሚለጠፍበት ቦታ ያገኛል።

እዚህ ላይ መምህሩን ራሱን የምትጥል ወጥመድ አለች። ልጆች ክብደት ሲጨምሩ ዳዶዎቹን አንዱን ከአንዱ ሥር እያሰሩ ያንጠለጥሏቸዋል። እንዲህ ሲሆን የክብደቱ መሐል ወደ ታች ይወርዳል፤ ፔንዱለሙ ሳያውቁት ረዘመ ማለት ነው። ከዚያ «ክብደት ሲጨምር ይዘገያል» የሚል ውጤት ይዘው ይመጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሽቦ ቆልምመው መንጠቆ ይሥሩና ዳዶዎቹን ሁሉ እዚያው ላይ ጎን ለጎን ይስቀሏቸው። ርዝመቱም ከማሰሪያው እስከ ዳዶው መሐል ድረስ ነው የሚለካው። ይህን ለልጆቹ ቀድመው አይንገሯቸው፤ ሁለት ቡድን ተቃራኒ ውጤት ይዞ ሲመጣ «እስቲ የሁለታችሁን ፔንዱለም አጠገብ ለአጠገብ እንየው» ቢሉ ራሳቸው ያገኙታል። ያገኙት ዕለት የሚሰማቸውን ኩራት ምንም ማርክ አይገዛውም።

ጊዜውን ሲለኩ የአንድ ምልልስ ሳይሆን የ10 ምልልስ ይያዙ። ሰዓት የሚጫነው እጅ ወደ 0.2 ሰከንድ ይዘገያል። አንድ ሰከንድ ከሚፈጅ አንድ ምልልስ ላይ ይህ ብዙ ነው፤ 10 ሰከንድ ላይ ሲከፋፈል ግን ከቁጥር አይገባም። ርዝመቱ 25 ሴንቲሜትር ሲሆን 10 ምልልስ ወደ 10 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ርዝመቱን ወደ 1 ሜትር ከማሳደጋቸው በፊት አስቁመው ይጠይቋቸው፦ አራት እጥፍ ሲረዝም ስንት ሰከንድ ይሆናል? ክፍሉ በአንድ ድምፅ 40 ይላል። በእስክሪብቶ ያስጽፏቸው። ሲለኩት 20 ነው። አራት እጥፍ ርዝመት፣ ሁለት እጥፍ ጊዜ። ሁሉም አብሮ ስለተሳሳተ ላጲስ የሚፈልግ አይኖርም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮ መሳሳት ስለሚያስቅ ይስቃሉ።

የሳቡት ርቀትስ? ትንሽ ከሳቡ ለውጥ አያዩም። ግን አንዱ ጎበዝ ነኝ ባይ ክሩን 60 ዲግሪ ድረስ ይስበውና «እኛ ጋ እኮ 10.7 ሆነ» ይላል። «ተሳስታችኋል» እንዳይሉት፣ አልተሳሳተም። በዚያ ማዕዘን ምልልሱ 7 በመቶ ያህል ይዘገያል። ጋሊልዮ ራሱ የመሳቡ ርቀት ጊዜውን አይለውጠውም ብሎ ነበር፤ ለትንሽ ማዕዘን ያስኬዳል፣ ለትልቅ አያስኬድም። የ13 ዓመት ልጅ ከጋሊልዮ የበለጠ በጥንቃቄ ለካህ ሲባል ምን እንደሚሰማው ያስቡት።

አሁን ወደ ወርቁ እንምጣ። ሁሉም ቡድን በ25 ሴንቲሜትር የለካውን ሰሌዳው ላይ ይደርድሩት፦ 10.1፣ 9.9፣ 10.2፣ 9.0፣ 10.0፣ 10.1። ዓይን ሁሉ 9.0 ላይ ያርፋል። «እነሱ ተሳስተዋል፣ ይጥፋ!» ይባላል። ያ ቡድን ቁጥሩን ለመቀየር ላጲስ ሲያነሳ እጁን ይያዙት። «ማንም ምንም አያጠፋም። መጀመሪያ ለምን 9 እንደሆነ እንወቅ።» ቡድኑ በሁሉም ፊት ይደግመው። ቆጣሪዋ ዳዶውን ስትለቅ «አንድ!» ትላለች። ተገኘ። ሲለቀቅ «ዜሮ» መባል ነበረበት፤ «አሥር» ስትል የተቆጠረው ዘጠኝ ምልልስ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነበር፣ የዘጠኝ ምልልስ ጊዜ መሆኑ ብቻ አልታወቀም። ብንሰርዘው ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር።

እዚህ ቦታ ላይ አንድ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ገባ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም በሽታው በውሃ ይተላለፋል ብሎ ያምን ነበር፣ ሰሚ ግን ብዙም አላገኘም። የሟቾቹን መኖሪያ እየቆጠረ ሲመዘግብ አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው ተገኙ። አንዲት ሴት ግን ከዚያ በጣም ርቃ እየኖረች ሞታለች። ሐሳቡን የምታፈርስ ትመስላለች። ስኖው አልዘለላትም፣ ጠየቀ። ሴትየዋ የዚያን ፓምፕ ውሃ ትወደው ስለነበር ሰው እየላከች ታስመጣ ኖሯል። አልገጥም ያለው ቁጥር ዋናው ምስክር ሆነ። ስኖው ይህን ሲሠራ በሰው ላይ ሙከራ አላደረገም፣ ሊያደርግም አይችልም። ጠየቀ፣ ቆጠረ፣ አነጻጸረ። ሳይንስ ሁሉ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል የሚሉ ልጆች ካሉ ይቺው ትበቃቸዋለች።

ቤተ ሙከራ የለንም ላሉት ደግሞ ከልብ የምመክረው አንድ ሠርቶ ማሳያ አለ። ሻማው ነው። ሳህን ላይ ውሃ አለ፣ መሐሉ ላይ የበራ ሻማ፣ ብርጭቆ ይደፋበታል። ሻማው ይጠፋል፣ ውሃው ብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። እሳት ስለሆነ እርስዎ ብቻ ይሥሩት፣ ልጆቹ ይዩ። ብዙ መጻሕፍት «ኦክስጅኑ ስላለቀ ውሃው ቦታውን ያዘ» ይላሉ። ልጆቹም ያንን ይነግሩዎታል። እርስዎ ታዲያ ይህን እንደ መልስ አይቀበሉት፣ እንደ መላ ምት ይያዙት። እውነት ቢሆን ምን እናይ ነበር? ውሃው ሻማው እየነደደ ሳለ ቀስ በቀስ መውጣት ነበረበት። ደግሞ አንድ ሻማም ሦስት ሻማም ብንጠቀም ብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያው ስለሆነ ውሃው እኩል ከፍ ማለት ነበረበት። ይጻፉ። በእስክሪብቶ። ከዚያ ይሥሩት። ውሃው በአብዛኛው ከፍ የሚለው ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው፤ በሦስት ሻማ ደግሞ ይበልጥ ከፍ ይላል። አስተውሎ የሚያይ ልጅ ካለ መጀመሪያ ላይ ከብርጭቆው ጠርዝ የሚወጡትን አረፋዎች ያያል። ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። አየሩ ሞቆ ይለጠጣል፣ ከፊሉ ያመልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ውሃውን ይስባል። በመጽሐፍ የታተመ ማብራሪያ በሳህንና በብርጭቆ ሲወድቅ ያየ ልጅ ለቀጣዩ መጽሐፍ ሌላ ዓይን ይኖረዋል።

በነገራችን ላይ በኮምጣጤና በሶዳ የሚፈነዳው የእሳተ ገሞራ ሞዴል ሙከራ አይደለም። ያምራል፣ ደስ ይላል፣ ግን ጥያቄ የለውም። ጥያቄ ከፈለጉ «ሶዳውን እጥፍ ባደርግ አረፋው እጥፍ ይሆናል?» ብለው ይጀምሩ። ያኔ እሳተ ገሞራውን መቀባት ይቀራል።

ስለ ቃላት ጥቂት። «መላ ምት» የሚለው ቃላችን መምታትን ስለያዘ ልጆች ግምት ብቻ አድርገው ይወስዱታል። ሁለቱን ይለዩላቸው። «ውሃው ከፍ ይላል» ትንበያ ነው። «አየሩ ቀዝቅዞ ስለሚሰበሰብ» መላ ምት ነው። ትንበያው ከመላ ምቱ የሚወለድ ነው፣ እኛ የምናየውም ትንበያውን ነው። ሁለተኛ፣ ከአንድ ሙከራ በኋላ «መላ ምቴ ተረጋገጠ» የሚለውን ይከልክሏቸው። «ውጤቱ ደገፈው» ወይም «ውጤቱ ተቃወመው» ይበሉ። 8፣ 10፣ 12ም እኮ ደግፎ ነበር። ንድፈ ሐሳብ አድጎ ሕግ ይሆናል የሚለውንም ከሰሙ ያርሙት። ሕግ ምን እንደሚሆን ይናገራል፣ ንድፈ ሐሳብ ለምን እንደሚሆን ያብራራል፤ አንዱ የሌላው ታናሽ አይደለም።

ወደ ማርኩ። ከ10 ከሆነ እኔ እንዲህ አከፋፍለው ነበር። በእስክሪብቶ የተጻፈና ምክንያት ያለው ትንበያ 2፣ ቢገጥምም ባይገጥምም። የተለካው ሁሉ የሰፈረበት ሰንጠረዥ፣ የተበላሸው ዙር ጭምር 3። ከሰንጠረዡ ያልዘለለ ድምዳሜ 3። «የቱን ቁጥሬን አላምነውም፣ ለምን» ለሚል አንድ አንቀጽ 2። ለመግጠም ዜሮ። ለመግጠም አንድ ነጥብ እንኳ ቢሰጡ ላጲሱ ተመልሶ ይመጣል። ኩረጃውም በዚሁ ይቀንሳል፤ የራስን ቁጥር መጠራጠር ከሌላ ሰንጠረዥ አይገለበጥም።

ልጆቹ ይህ የአስተማሪ ደግነት ብቻ እንዳይመስላቸው የለቬርዬን ታሪክ ይንገሯቸው። ኡራኑስ የተባለችው ፕላኔት ከተሰላላት መንገድ ዝንፍ ትል ነበር። ፈረንሳዊው ለቬርዬ አንዲት ያልታወቀች ፕላኔት እየጎተተቻት ነው ብሎ ጠረጠረ፣ የት እንዳለችም በስሌት አስቀመጠ። በ1846 በርሊን ላይ ጋለ የተባለ የሥነ ፈለክ ሰው ቴሌስኮፑን ወደዚያ ሲያዞር ከተባለው ቦታ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት አገኛት። ኔፕቱን ናት። ሜርኩሪም በበኩሏ ዝንፍ ትል ነበርና ለቬርዬ ያንኑ መላ ደገመው፤ ፀሐይ አጠገብ ሌላ ፕላኔት አለች አለ። ቩልካን የሚል ስም ሁሉ ወጣላት። ለአሥርት ዓመታት ተፈለገች፣ የለችም። የሜርኩሪን ጉዳይ የፈታው በ1915 የአይንስታይን አዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳብ ነው። ያው ሰው፣ ያው አካሄድ። አንዱ ገጠመ፣ አንዱ አልገጠመም። ከላይ ባለው አከፋፈል ለሁለቱም ያው ማርክ ይደርሰው ነበር።

50 ልጅ ላሉት፦ አምስት አምስት አድርገው አሥር ቡድን ያውጡ። አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አምስተኛው ሥራው መጠራጠር ነው፤ «ርዝመቱን ለካችሁ? ከዜሮ ነው የጀመርከው?» እያለ ይነዘንዛል። በየዙሩ ይቀያየሩ። ነዝናዛነቱን ሁሉም ሊቀምሰው ይገባል። ክፍሉ ይንጫጫል። ለጎረቤት ክፍል መምህር ቀደም ብለው ይንገሯቸው።

በወሩ መጨረሻ ስድስቱን ደረጃዎች መልሰው ይስቀሉና የፔንዱለሙን ደብተር አስከፍተው እያንዳንዱ ገጽ የትኛው ደረጃ እንደሆነ ያስጽፏቸው። ብዙዎቹ ከሙከራ ወደ ጥያቄ፣ ከድምዳሜ ወደ መላ ምት ተመልሰው እንደነበር ያያሉ። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደተዘባረቀ ሲጠይቁዎት የ9.0ን ቡድን ያስታውሷቸው። ለፈተናው አይጨነቁ፣ ደረጃዎቹን እንደሆነ ቀድሞውንም ያውቋቸዋል።

ክሩን ሲቆርጡ ከ1 ሜትር ትንሽ ያስረዝሙት። ቋጠሮው ይበላዋል።